አራተኛዋ መስመር

የሬቲፊካው ማሽን እየሠራ ነበር። ይመኙሽ የጋራዡ በር ላይ ደርሳ ድምፁን ስትሰማ እግሯ ቀጥ አለ።

ከሌላ ድምፅ ጋር አታምታታውም። አባቷ አስማረ የዚህ ጋራዥ የሬቲፊካ ባለሙያ ነው፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የክረምት ወራት ውሎዋ እዚሁ ግቢ ስለሆነ ማሽኖቹን ዓይኗን ጨፍና ትለያቸዋለች። ቶርኖው ያፏጫል። መሞረጃው ይጮኻል። የሬቲፊካው ማሽን ግን የሞተርን ሲሊንደር ከውስጥ የሚፍቀው በሆዱ እያጉረመረመ ነው። ዛሬ ማጉረምረም አልነበረበትም። ፒስተኖቹ ገና አልመጡም።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ነው፤ ግቢው ጭቃ በጭቃ። ጫማዋ እየተመዘዘ ሮጣ ስትገባ አባቷን እጁን ማሽኑ እጀታ ላይ አድርጎ አገኘችው። ቀና ብሎ አላያትም። ከጎኑ የጋራዡ ኃላፊ ጓድ ዋኘው ካኪውን ግጥም አድርጎ ለብሶ ሰዓቱን ይመለከታል።

«አባዬ! ምነው? ፒስተኑ መጣ እንዴ?»

መልሱን የሰጣት ጓድ ዋኘው ነበር።

«አልመጣም። መጠኑ ግን ታውቋል። በግማሽ ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን እንደሚላክ ከአዲስ አበባ በስልክ ተነግሮናል። ስለዚህ አስቀድመን በልኩ እንፍቃለን። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በሚቀርበው ሪፖርት ላይ የሲሊንደሩ ሥራ መቶ በመቶ ተጠናቋል እንላለን።»

«ዕቅዱ እኮ እንዲህ አይልም» አለች ይመኙሽ።

«ዕቅድ እንደ ሁኔታው ይሻሻላል፣ የኔ ልጅ» አለና ፈገግ አለላት። ያ ፈገግታ ከማሽኑ ድምፅ ይልቅ አንገበገባት።

ዕቅዱ እንዲህ እንደማይል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የጻፈችው እሷ ናት።

መኪናዋን ጎንደር ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ሁሉም «ቱርቦዋ» ይሏታል። ከአዘዞ መጋዘን ዱቄት ጭና ወደ ደባርቅ የምትወጣ የጭነት መኪና ናት። የኮሶዬን ዳገት የወጣ ሰው እዚያ አየሩ ስስ መሆኑን ያውቃል፤ ሰውም ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌሎቹ መኪኖች ጥቁር ጭስ እየተፉ እግረኛ ሲቀድማቸው፣ እሷ ግን አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያጎርስ ቱርቦ ስላላት ዳገቱን ሽቅብ ትምዘገዘግበታለች። ሾፌሯ ሐብተ ማርያም «የኔይቱ ሁለት ሳንባ ነው ያላት» እያለ ይኩራራባታል። በዚያ ዓመት ደግሞ በላይኞቹ ወረዳዎች አዝመራው ከድቶ ሕዝቡ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው የእሷን ዱቄት ነበር። ስትመለስም ባዶዋን አትመለስም፤ ሕመምተኛ ጭና ሆስፒታል ታደርሳለች።

ሐምሌ ላይ የሞተሩ ዘይት ጎድሎ ሳይታወቅ ቆየና ፒስተኖቹ ሲሊንደሩን ከውስጥ ቧጠጡት። ቱርቦዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። አስማረ ሞተሩን አውርዶ፣ ፈታትቶ፣ አጥቦ ሲጨርስ፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ይመኙሽን ጠራትና «ነይ ጻፊ» አላት።

አስማረ በእጁ ከፀጉር የቀጠነ ነገር ይለካል፤ ጽሑፉ ግን ዶሮ የጫረው ይመስላል። ራሱም ይስቅበታል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የጋራዡን የሥራ ዕቅድ በቁም ጽሕፈት የምትጽፈው ይመኙሽ ናት። ያን ቀንም አባቷ እየነገራት ጻፈች። አንደኛ፣ ሞተሩ ስንጥቅ እንደሌለው ይመረመራል። ሁለተኛ፣ ስድስቱም ሲሊንደሮች ይለካሉ። ሦስተኛ፣ ፒስተን ይታዘዛል።

«አራተኛ» አለ አባቷ፣ «ፒስተኖቹ መጥተው አንድ በአንድ ሳይለኩ ሲሊንደር አይፋቅም።»

«ምነው? እስኪመጡ ድረስ ሥራ ፈትተህ ከምትቆይ ብትፍቀውሳ?»

«ልጁን ሳይለካ ሱሪ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ?» መለኪያውን፣ ማይክሮሜትሩን፣ ከደረት ኪሱ አውጥቶ እያገላበጠ ያስረዳት ጀመር። «ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሩብ ሚሊሜትር ብፍቀውም ጭረቱ ይጠፋል፤ ግማሽ ብፍቀውም ይጠፋል። የመጣውን አይቼ ነው የምወስን። ደግሞ ይቺ ቱርቦ ናት፣ ከሌሎቹ ይልቅ ትግላለች። ብረት ሲግል ያብጣል። ለእያንዳንዱ ፒስተን የሚበቃውን ክፍተት ለክቼ ካልተውሁለት ኮሶዬ ሳትደርስ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ትቀራለች። አንዴ የተፋቀ ብረት እንደሁ ተመልሶ አይለጠፍ።»

ይመኙሽ አራተኛዋን መስመር ጽፋ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችባት። እስከ ሰባተኛው ድረስ ጨርሳ ወረቀቱን ለጓድ ዋኘው ወሰደችለት። ጓድ ዋኘው ወረቀት ሲቀርብለት መጀመሪያ ያትማል፣ ቀጥሎ ይፈርማል፣ ጊዜ ከተረፈው ያነባል። ያን ቀን ጊዜ አልተረፈውም። ዕቅዱ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

አሁን አባቷ ከዚያች ቀይ መስመር ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ሲሊንደር ይፍቃል።

ማታ ቤት እስኪገቡ አላነጋገረችውም። ከጋራዡ እስከ ሰፈራቸው ሳሙና በር ያለውን መንገድ ጎን ለጎን፣ ግን እንደማይተዋወቅ ሰው ተጓዙ። በራቸው ላይ ሲደርሱ ግን አልቻለችም።

«እያወቅህ ነው የፋቅኸው» አለችው።

«እያወቅሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«ታዘዝሁ። እምቢ ብል ወጣቱን ረዳቴን ያዘዋል፤ ወጣቱ ደግሞ አጣሞ ይፍቀዋል። ምናልባት ባለ ግማሽ ሚሊሜትሩ ይመጣ ይሆናል።»

«ምናልባት!» አለች ይመኙሽ። እሷን በሂሳብ ፈተና ላይ «ምናልባት ብሎ መልስ የለም» እያለ የሚቆጣት ይኸው ሰውዬ ነበር።

መስከረም ሁለት ቀን ሰልፍ ሆነ፣ ባንዲራ ተውለበለበ፣ የጋራዡ ሪፖርት መቶ በመቶ ተባለ፤ ጓድ ዋኘውም ተጨበጨበለት። በመስቀል ማግሥት ሳጥኑ መጣ።

ይመኙሽ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጋራዡ ስትደርስ ሠራተኛው ሁሉ ከቦ ቆሟል። አባቷ ሳጥኑን ከፍቶ የመጀመሪያውን ፒስተን ከቅባት ወረቀቱ አወጣ፤ በጨርቅ ጠረገው፤ ለካው። ደግሞ ለካው። ሁለተኛውን አወጣ። ስድስተኛውን ለክቶ ሲጨርስ ማይክሮሜትሩን ኪሱ ውስጥ ከተተና በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አያ አስማረ፣ ምነው? ሸጋ አይደለም እንዴ?» አለው ሾፌሩ ሐብተ ማርያም።

«ፒስተኑስ ሸጋ ነው። ሩብ ነው የላኩት። እኔ ግማሽ ፍቄያለሁ።»

ሐብተ ማርያም አንዱን ፒስተን አንሥቶ ወደ ሲሊንደሩ አስገባው። ልክ ቢሆን ኖሮ በዘይት እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። ይህኛው ግን ወለም ዘለም እያለ ተንኳኳ። ሐብተ ማርያም አወጣው፣ ወደ ሳጥኑ መለሰው፣ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሆኖ ማየት ከባድ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ተደወለ። ባለ ግማሽ ሚሊሜትሩ ፒስተን መጋዘን ውስጥ የለም፤ ከውጭ ይታዘዛል፤ ምናልባት በስድስት ወር። ለሲሊንደሩ ከውስጥ የሚለብሰው አዲስ ቀፎ ይግባለት ቢባል እሱም ከውጭ ነው። ቱርቦዋ በሁለት ሳንባዋ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ አለች።

በማግሥቱ ዕቅዱ ከግድግዳው ላይ አልነበረም። የቀረው አራት የሙጫ ምልክት ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ግቢው ውስጥ አንዲት ቃል በሹክሹክታ መዞር ጀመረች፦ አሻጥር። በዚያን ጊዜ ይቺን ቃል በስሙ ላይ የለጠፉበት ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል። በሃያ ዓመት ሥራው አንዲት ሲሊንደር አበላሽቶ የማያውቅ ሰው አሻጥረኛ ሊባል ነው! ይመኙሽ ስትሰማው ደሟ ፈላ። ማን እንዳዘዘ ያየ ሠራተኛ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓድ ዋኘው ቤታቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አባቷ ከፊት ለፊቱ በዱካ ላይ ነው፤ በገዛ ቤቱ እንግዳ መስሏል።

«መጣሽ? እሰይ!» አለ ጓድ ዋኘው። «ከአባትሽ ጋር ተግባብተናል። ነገ ከሰዓት በፊት የሠራተኛው ስብሰባ አለ። አባትሽ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ጥፋቱን በሠራተኛው ፊት በራሱ አንደበት ይናገራል ማለት ነው። በልኬት ተሳሳትሁ ይላል። ከሬቲፊካው ተነሥቶ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ይዛወራል። በቃ። ስህተት ተብሎ ይዘጋል። አለዚያ የበላይ አካል መጥቶ ያጣራል፤ ያኔ ስሙ ስህተት አይሆንም።»

ከቦርሳው አንድ ነጭ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከግርጌው የጋራዡ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ፊርማውም አለ። ከዚያ ውጭ አንዲት ፊደል የለበትም።

«ለፋይሉ ዕቅዱ ያስፈልገናል፤ የድሮው ደግሞ ጠፍቷል። ባንቺ ጽሕፈት ገልብጪው። ቀኑን ነሐሴ አሥራ ሁለት በዪ። አንዷን መስመር ብቻ ትዘልያታለሽ።»

«የትኛዋን?» አለች ይመኙሽ።

ታውቃለች። ከአፉ እንዲወጣ ነው የፈለገችው።

ጓድ ዋኘው ሻዩን ፉት አለ። «አራተኛዋን።»

«ምን ትል ነበር?»

«ይመኙሽ!» አለ አባቷ።

«አይ፣ ረስቼው ነው። እርስዎ ያስታውሱኛል ብዬ ነው።»

የኃላፊው ጆሮ ቀላ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ ካኪውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይዛችሁ ኑ። አባትሽም ይፈርምበት፤ በስብሰባው ላይ ይነበባል» አለና ወጣ።

ይመኙሽ የበሩን መዘጋት እንኳ አልጠበቀችም። «አልጽፍም!»

«ትጽፊዋለሽ» አለ አባቷ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰባት። «ዕቃ ማጠብ አያዋርድም። እስር ቤት ከመግባት ይሻላል። አንቺም ትምህርትሽን ትማሪያለሽ።»

«እሱ ተጨብጭቦለት ይቀመጣል፤ አንተ መለካት አያውቅም ተብለህ ዕቃ ታጥባለህ? አንተ? ለዚያ ማይክሮሜትር ከእኔ በላይ የምትሳሳው?»

«ይበለኝ! ማነው የፋቀው? እኔ አይደለሁም? እጄ አይደለም?»

እውነቱን ነዋ። እንዲያውም ከጓድ ዋኘው ይልቅ ሲያናድዳት የሰነበተው ይኸው ነበር።

እናቷ መንበረ የገባችው ሁለቱ ፊትና ጀርባ ሆነው ተቀምጠው ሳለ ነው። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ መደብ ላይ አረፍ አለች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባለማኅተም ወረቀት አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። አስማረ ነገራት።

«ዛሬ ጠዋት ከኮሶዬ በላይ ካለ ቀበሌ አንዲት ወላድ መጣች» አለች መንበረ። «ትናንት ነው የተነሡት፤ ስምንት ሰው በቃሬዛ እየተፈራረቀ። እናቲቱ ተርፋለች። ባሏ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ቱርቦዋን መንገድ ዳር ጠበቅናት፤ የት ሄደች?› አለኝ።»

«ሕፃኑስ?» አለች ይመኙሽ።

መንበረ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

አስማረ ከዱካው ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፍኖታል።

«እፈራለሁ» አለች መንበረ ለባሏ። «ውሸት አልናገርም፣ በጣም እፈራለሁ። ጻፉ ብትሉም አልቆጣም፣ አትጻፉ ብትሉም አልቆጣም። ግን ለዚያ ሰውዬ ምን ብዬ ልመልስለት? ባሌ መለካት አያውቅም ልበለው?»

ይመኙሽ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከፍታ ሰማያዊውን እስክሪብቶ አወጣች። ሰዓቱ ገና አሥራ አንድ አልሞላም፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ለመጻፍ ይበቃል። ወንበር ስባ ጠረጴዛው ላይ ቀረበች።

ባለማኅተሙን ወረቀት ትክ ብላ ስታየው አንድ ነገር ተከሠተላት። ይህ ሰው ዛሬም መጀመሪያ አትሟል፤ ቀጥሎ ፈርሟል። ለማንበብ ግን ገና የሚነበብ ነገር አልነበረም።

መጻፍ ጀመረች። ከወረቀቱ ራስጌ «ነሐሴ 12 ቀን 1976 ዓ.ም. የወጣ የሥራ ዕቅድ» አለች። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «መስከረም 25 ቀን 1977 ዓ.ም. እንደገና የተገለበጠ» ብላ ጨመረችበት። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ቃሎቹን ማስታወስ አላስቸገራትም፤ አባቷ ሲነግራት የነበረው ድምፁ ጭምር ትዝ ይላት ነበር።

አባቷ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ትንፋሹን ትሰማዋለች። እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ዞራ ግን አላየችውም።

«አራተኛ» አለች ጮክ ብላ፣ ጻፈችም። «ፒስተኖቹ መጥተው አንድ በአንድ ሳይለኩ ሲሊንደር አይፋቅም።»

አልከለከላትም።

ከቦርሳዋ ቀዩን እስክሪብቶ ፈልጋ አሰመረችባት። መስመሩ በስተመጨረሻው ትንሽ ጎበጠ። ተናደደችበት፤ ግን ወረቀቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ተወችው። አምስተኛ። ስድስተኛ። ሰባተኛ። ነጥብ።

«እንዲነበብ ነው የፈለገው» አለች። «ይነበብለት።»

አስማረ ወንበሩን እንድትለቅለት በእጁ ምልክት ሰጣት። ሊቀደው ነው ብላ አሰበች። ተነሣችለት። እሱ ተቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ላይ ጠራረገ፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ አነሣና ከማኅተሙ ጎን በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። ሲጽፍ ምላሱ ከጥርሱ መካከል ትወጣለች። ሁለት መስመር ለመጻፍ ብዙ ቆየ።

ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። ይመኙሽ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ጽሑፍ እንደምንም አነበበችው፦

«ግማሽ ፍቅ ተብዬ ፋቅሁ። መፋቅ እንደሌለበት አውቅ ነበር፤ እምቢ አላልሁም። ጥፋቴ ይኸ ነው፤ ልኬቱ አይደለም። አስማረ።»

መንበረ ከመደቡ ተነሥታ መጥታ በትከሻቸው ላይ አነበበች። ከዚያ የጓድ ዋኘውን የሻይ ብርጭቆ አንሥታ ለማጠብ ወጣች።

«ነገ ስብሰባው ላይ አንቺ ታነቢዋለሽ?» አለ አባቷ። «የእኔን ጽሑፍ እንደሁ እኔም አላነበው።»

«አነበዋለሁ።»

«አትቸኩዪ። አራተኛዋ ላይ ስትደርሺ ሐብተ ማርያም እንዲሰማ ጮክ በዪ። ሞተር ሲያስነሣ ኖሮ ጆሮው ደንቁሯል።»

ይመኙሽ የጂኦሜትሪ ደብተሯን ከፍታ ወረቀቱን መካከሉ ላይ ልታስገባው ስትል አባቷ እጇን ያዛት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ሁለቱም ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው እስኪደርቅ ጠበቁ።